በደመና የተከበቡ ደሴቶች፦ የባሌ ከፍታ ዕፅዋት በዘረመል ንባብ

ከጊኒር ወደ ምዕራብ ተጉዞ፣ ሮቤንና ጎባን አልፎ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ፣ መጀመሪያ በጥድና በኮሶ ደን፣ ቀጥሎም በአስታ ቁጥቋጦ መካከል ሽቅብ እየወጣ፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የሳነቴ አምባ ላይ ይደርሳል፤ ከአምባው በላይ ጉብ ያለው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባለው የኢትዮጵያ ደጋ ውስጥ የሚበልጠው ጫፍ የለም። በአፍሪካ ምድር ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ከዛፍ ወሰን በላይ የተዘረጋ ውርጫማ አምባ ሌላ ቦታ አይገኝም። በዚያ ብርድ ለመኖር የተፈጠሩ ዕፅዋት ግን ዙሪያቸውን የከበባቸው ሞቃት ዝቅተኛ ምድር ስለሆነ፣ ከአምባው ወርደው ወደ ሌላ ተራራ መሻገር አይችሉም፤ በመካከል ያለው ቆላ ለእነርሱ የባሕርን ያህል የማይሻገሩት ነው። ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉትን ከፍታዎች የሰማይ ደሴቶች የሚሏቸው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ስለ ውቅያኖስ ደሴቶች ዕፅዋት የተገኘው እውቀት የባሌን ታሪክ ለመረዳት የሚጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የውቅያኖስ ደሴቶች የሚባሉት ከአህጉር ተቆርጠው የቀሩ መሬቶች ሳይሆኑ፣ ከባሕር ወለል በእሳተ ገሞራ ተገንብተው ብቅ ያሉና ከየትኛውም አህጉር ጋር ተያይዘው የማያውቁ ናቸው። ሃዋይ፣ ጋላፓጎስና የካናሪ ደሴቶች የዚህ ዓይነት ናቸው። በተወለዱበት ሰዓት ባዶ አለት ስለነበሩ፣ ሰው ካመጣቸው በቀር ዛሬ በላያቸው የሚበቅለው ተክል ሁሉ የመጣው ወይ በነፋስ፣ ወይ በወፍ ላባና ሆድ፣ ወይ በባሕር ሞገድ ነው፤ የመጡት ጥቂቶች ደግሞ ተፎካካሪ የሌለበት ምድር ስላገኙ በፍጥነት ተለያይተው ብዙ ዝርያ ሆነዋል። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1835 ጋላፓጎስን በጎበኘ ጊዜ የሰበሰባቸው ዕፅዋትና እንስሳት የአዝጋሚ ለውጥን ሐሳብ እንዲያጠነክር ረድተውታል፤ ሆኖም እርሱና ከእርሱ በኋላ ለመቶ ዓመት የሠሩ ሊቃውንት ዝምድናን የሚመዝኑት በቅጠል ቅርጽ፣ በአበባ አሠራርና በዘር ዓይነት ብቻ ነበር። ቅርጽ ግን ሊያሳስት ይችላል፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸው ሁለት የማይዛመዱ ተክሎች ተመሳሳይ መልክ ሊይዙ ይችላሉና። በከፍታ ተራራ ላይ ይህ ስሕተት ከየትኛውም ቦታ ይልቅ በቀላሉ ይፈጸማል።

ይህን ችግር ያቃለለው የዘረመል ቅደም ተከተል ንባብ ነው። በእያንዳንዱ ሕያው ሴል ውስጥ የሚገኘው ዲኤንኤ የተባለው ረጅም ሞለኪውል አዴኒን፣ ታይሚን፣ ሳይቶሲንና ጉዋኒን በተባሉ አራት ኬሚካላዊ ፊደላት ተራ የተጻፈ ሲሆን፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይለወጣል። የተለወጠው ፊደል በዘር ሐረጉ ስለሚወርድ፣ የብራና መጻሕፍት መርማሪ በሁለት ቅጂዎች ላይ አንድ ዓይነት የጸሐፊ ስሕተት ሲያገኝ ሁለቱም ከአንድ ናሙና ብራና የተገለበጡ መሆናቸውን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ የዕፅዋት ተመራማሪውም በሁለት ዝርያዎች ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ ሲያይ የጋራ አባት እንዳላቸው ይገምታል። ከአንድ ለውጥ ይልቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ለውጦች ተሰብስበው ሲነጻጸሩ የዘር ሐረጉ ዛፍ ይሳላል።

ሥራው በተግባር ሲታይ ከሜዳ ይጀምራል። ከአንድ ተክል ጤናማ ቅጠል ጣት በምታህል መጠን ተቆርጦ፣ እርጥበትን የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ቅጠሉ በሰዓታት ውስጥ ካልደረቀ ዲኤንኤው መበስበስ ስለሚጀምር፣ እንደ ሳነቴ ባለ ጭጋጋማ ቦታ ይህ ትንሽ ከረጢት የጠቅላላው ጥናት መሠረት ነው። ከዚያው ተክል ሌላ ቅርንጫፍ በወረቀት መካከል ተጭኖ ይደርቅና፣ ስምና ቦታ ተጽፎበት በሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙና በሚጠበቅበት ቤት፣ ይቀመጣል፤ ይህ ካልተደረገ ከዓመታት በኋላ የተነበበው ዲኤንኤ የየትኛው ተክል እንደነበረ ማረጋገጥ አይቻልም። በቤተ ሙከራ ቅጠሉ ይፈጭና በኬሚካል ታጥቦ ዲኤንኤው ይለያል፤ የሚፈለገው ክፍል ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ብዙ ሰው ስሙን በለመደው በፒሲአር ዘዴ ይባዛል፤ በመጨረሻም ማሽን ፊደሉን በተራ ያነባል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነበበው ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውና ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራው ክሎሮፕላስት የተባለው የሴል ክፍል የራሱ ዲኤንኤ ነው፤ ርዝመቱ በአብዛኛው 150,000 ፊደል ገደማ ስለሆነ ለማንበብ አያስቸግርም፤ በብዙ ዕፅዋትም ከእናት ብቻ ስለሚወረስ ዘር በየት በኩል እንደተጓዘ ያሳያል።

ሎቤሊያ የተባሉት የሃዋይ ተክሎች ይህ ዘዴ ምን ሊያሳይ እንደሚችል ግልጽ ምሳሌ ናቸው። ሃዋይ ከቅርቡ አህጉር ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ በደሴቶቿ ላይ በስድስት ወገን የሚመደቡ 126 ያህል የሎቤሊያ ዘመዶች ይበቅላሉ፤ አንዳንዱ ረጅም ዛፍ ነው፣ አንዳንዱ ከገደል አፋፍ የሚንጠለጠል ወፍራም ግንድ ያለው ነው፣ ሌላው በረግረግ ውስጥ ይኖራል። መልካቸው እጅግ ስለሚለያይ የጥንት የዕፅዋት ሊቃውንት በተለያየ ጊዜ የመጡ የብዙ ስደተኞች ልጆች አድርገው ቆጥረዋቸው ነበር። ቶማስ ጊቭኒሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ግን ሁሉም ከ13 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከደረሰ ከአንድ ስደተኛ ተክል የተገኙ መሆናቸውን አመለከተ። እዚህ ላይ ትልቅ ነገር አለ፦ ዛሬ ትልልቅ ከሆኑት የሃዋይ ደሴቶች ካዋይ የተባለችው ዕድሜዋ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ትልቋ ደሴት ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በታች ናት። ስለዚህ ተክሉ ከቆመበት መሬት በዕድሜ በእጅጉ ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ስደተኛ ያረፈው ዛሬ ተሸርሽሮና ሰምጦ ከባሕር በላይ እምብዛም በማይታይ አሮጌ ደሴት ላይ ሲሆን፣ ልጆቹ አዲስ ደሴት በተወለደ ቁጥር ከአሮጌው ወደ አዲሱ እየተሻገሩ ቆይተዋል። ይህን ዕድሜ የሚያስላው የሞለኪውል ሰዓት የሚባለው ስሌት፣ የፊደል ለውጥ በጊዜ ብዛት የሚከማች መሆኑን መነሻ አድርጎ፣ ዕድሜያቸው በታወቀ ቅሪተ አካላት ወይም ደሴቶች እየታረመ የሚሠራ ነው፤ ግምት ስለሆነም ሁልጊዜ ከነስሕተት ወሰኑ ሊነበብ ይገባል።

ከሃዋይ ወደ ባሌ ያለው ርቀት ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ ዝምድናው ቅርብ ነው። በሳነቴ አምባ ላይ ከሩቅ እንደቆመ ሰው የሚታየው ጅብራ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኝ ብርቅዬ ተክል ነው። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ኤሪክ ኖክስና ባልደረባው ቹንግሆንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ላይ የምሥራቅ አፍሪካ፣ የሃዋይ፣ የብራዚልና የእስያ ግዙፍ ሎቤሊያዎች የአንድ ሐረግ ልጆች መሆናቸውንና የሐረጉ መነሻም ምሥራቅ እስያ መሆኑን አሳይተዋል። ከጥናቱ ቀደም ብሎ ኖክስ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ውስጥ ረጃጅም ክፍሎች የተገለበጡበትንና ቦታ የቀየሩበትን ምልክት እየተከተለ የእነዚህን ዕፅዋት ዝምድና ሲመረምር ነበር፤ የክሮሞሶም ቁጥራቸውም ከተለመደው 14 በእጥፍ የሚበልጥ፣ ማለትም 28 መሆኑ ለዝምድናቸው ሌላ ምስክር ነው። እንግዲህ ከጎባ ከተማ በላይ የሚበቅለው ጅብራና በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል በእሳተ ገሞራ ላይ የሚበቅሉት ዛፎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ጅብራን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ግንዱ ወፍራምና ውስጡ ክፍት ሲሆን፣ ጫፉ ላይ በክብ የተደረደሩት ረጃጅም ቅጠሎች ቀን ይዘረጋሉ፤ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ወደ ውስጥ ተጣጥፈው የሚያድገውን ለጋ እምቡጥ ከውርጭ ይሸፍናሉ። ተክሉ ለብዙ ዓመታት ሳያብብ ኖሮ፣ በመጨረሻ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ የአበባ ማር የሚቀስሙ ትናንሽ ወፎች ያዳቅሉታል፤ እንደ አቧራ የደቀቁ ብዙ ዘሮችን በነፋስ ከበተነ በኋላም ይሞታል። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ተራሮች ላይ የሚገኙት ግዙፍ ሴኔሲዮዎችም ተመሳሳይ ግንድና ተመሳሳይ የሌሊት መሸፈኛ አላቸው፤ እነርሱ ግን የሱፍ አበባ ቤተሰብ ስለሆኑ ከጅብራ ጋር የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ በኢትዮጵያም አይገኙም። ኖክስና ጄፍሪ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1995 በክሎሮፕላስት ዲኤንኤ አማካይነት የእነርሱ መስፋፋት ከኪሊማንጃሮ እንደጀመረና ዕድሜውም አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ እንደሆነ ገምተዋል። ቀን በጋ፣ ሌሊት ክረምት የሚሆንበት የአየር ሁኔታ ሁለት የማይዛመዱ ቤተሰቦችን ወደ አንድ መልክ ማምጣቱን ዲኤንኤ ባይኖር ኖሮ በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግር ነበር።

እነዚህ ዕፅዋት ከተራራ ወደ ተራራ እንዴት ተሻገሩ የሚለው ጥያቄ ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ኦሎቭ ሄድበርግ እ.ኤ.አ. በ1957 የምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ዕፅዋትን መዝግቦ ካሳተመ ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ነው። ሁለት መልሶች ይሰነዘሩ ነበር። አንደኛው በበረዶ ዘመን አየሩ ሲቀዘቅዝ የደጋ ደን ወደ ቆላ ወርዶ ተራሮችን እንዳገናኘና ዕፅዋቱም በዚያ ድልድይ እንደተሻገሩ የሚገምት ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ውርጫማው ቀበቶ ራሱ ፈጽሞ ተገናኝቶ ስለማያውቅ መሻገሪያው ነፋስና ወፍ ብቻ ነው የሚል ነበር። ሄድበርግ ራሱ ወደ ሁለተኛው ያዘነብል ነበር። ክርክሩን ወደ ቁጥር ያመጡት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስለሺ ነሞሚሳ፣ በኦስሎ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ክርስቲያን ብሮክማን፣ ከእነርሱም ጋር የሠሩ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች ምሥራቅ አፍሪካውያን ወጣት ተመራማሪዎች ናቸው። ሙሉጌታ ከበደና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከሳነቴ ዝቅ ብሎ በደን ጥግ የሚበቅለውን ሌላውን ግዙፍ ሎቤሊያ፣ ሎቤሊያ ጂቤሮአን፣ ከብዙ ተራሮች ሰብስበው ኤኤፍኤልፒ በተባለ ዘዴ መረመሩት፤ ይህ ዘዴ ፊደሉን ሁሉ ሳያነብ ዲኤንኤውን በተወሰኑ ቦታዎች ቆራርጦ የቁርጥራጮቹን ርዝመት ያነጻጽራል። ተክሉ በደን አካባቢ የሚኖር ስለሆነ የደን ድልድይ ካለ በቀላሉ ይቀላቀል ነበር ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የተገኘው ግን በአንድ ተራራ ውስጥ የሚገኙት ተክሎች እርስ በርሳቸው እጅግ የሚመሳሰሉ፣ ከተራራ ተራራ ግን በጣም የሚለያዩ መሆናቸው ነው።

ይህ ውጤት በሌሎች ዕፅዋት ላይም ተደጋግሟል፤ በምርምሩ ውስጥ ከሁሉም በላይ ክብደት ሊሰጠው የሚገባውም ይኸው ነው። የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ የሆነችው አራቢስ አልፒና የተባለች ነጭ አበባ ያላት ትንሽ ተክል ከአርክቲክ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ ትገኛለች። ማርከስ ኮክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ይህች ተክል ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከትንሿ እስያ ተነስታ አንደኛው ሐረግ በዓረብ ልሳነ ምድር በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች መጣ፤ ሌላው ሐረግ ደግሞ ለብቻው ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ ከቀዳሚው ጋር ተገናኘ። በአርክቲክ ሰፊ ምድር የሚኖሩት የተክሏ ሕዝቦች በዘረመል ብዙም አይለያዩም፤ በአፍሪካ ተራሮች ላይ ግን እያንዳንዱ ተራራ የራሱ የሆነ ጠባብ ዘረመል አለው። በውቅያኖስ ደሴት ላይ እንደሚሆነው፣ ጥቂት ዘሮች ከሩቅ ደርሰው ጠቅላላውን ሕዝብ ስለመሠረቱ፣ ልጆቻቸው ያላቸው የዘረመል ሀብት የመሥራቾቹን ያህል ብቻ ነው ማለት ነው።

የሰማይ ደሴት ግን ከውቅያኖስ ደሴት የሚለይበት ነገር አለ፤ ዳርቻው ቋሚ አይደለም። በበረዶ ዘመን ሲቀዘቅዝ ውርጫማው ቀበቶ ወርዶ ደሴቱ ይሰፋል፤ ሲሞቅ ደግሞ ወደ ጫፍ እየሸሸ ይጠባል። አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 በሳይንስ አድቫንስስ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት የባሌ የበረዶ ግግር በጣም የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ መሆኑን አስልተዋል። ከአምባው ላይ ካለው ገርባ ጉራቻ ሐይቅ ደለል የወጣውን የአበባ ብናኝ ሟቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መሐመድ ዑመርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ተንትነው፣ በረዶው ከቀለጠ ወዲህ ባለፉት በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አስታና ሣር እንዴት ቦታ እንደተለዋወጡ አሳይተዋል። ብናኙ ተክሉ መቼ እንደነበረ ይናገራል፤ ዲኤንኤው ደግሞ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ማርቲና ካንድዚዮራና ባልደረቦቿ ከብዙ የተክል ወገኖች የተነበበ ዲኤንኤ ሰብስበው ባደረጉት ትንተና፣ የአፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ዕፅዋት በጂኦሎጂ ሚዛን ወጣት፣ በአየር ንብረት መዋዠቅ በተደጋጋሚ የተናወጡና ገና ያልሞሉ መሆናቸውን ደምድመዋል፤ አዳዲስ ስደተኞችን መቀበል የሚችል ቦታ አለ ማለት ነው። ይህ ከሃዋይ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ልዩነት ነው፤ በሃዋይ አንድ ስደተኛ ከመቶ በላይ ዝርያ ሲያፈልቅ፣ በአፍሪካ ተራሮች ላይ አብዛኛው ስደተኛ ጥቂት ዝርያ ብቻ ነው ያፈለቀው።

ጉዞው ወደ ውስጥ ብቻ አይደለም። በባሌ አምባ ዙሪያ ጥቅጥቅ ብሎ የሚበቅለው አስታ ከሜዲትራኒያን አካባቢ እስከ ካናሪ ደሴቶች ድረስ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የዘረመል ጥናት ይህ ተክል መነሻው ምሥራቅ አፍሪካ ሆኖ በበረዶ ዘመናት ወደ ሰሜን ምዕራብ እንደተስፋፋ አመልክቷል። ከካናሪ ደሴቶች ጭጋጋማ ደን ውስጥ የሚታየው አስታ ከዚህ ደጋ ዘመዶቹ ጋር የሚያገናኘው ሐረግ አለው ማለት ነው። ከአምባው በስተደቡብ በሚወርደው ሐረና ደን ውስጥ በዱር የሚበቅለው ቡናም ተመሳሳይ ምርመራ ተደርጎበታል፤ የዓረቢካ ቡና ከሁለት የተለያዩ የቡና ዝርያዎች ድቅል የተገኘና የሁለቱንም ሙሉ ዘረመል የተሸከመ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2024 በኔቸር ጄኔቲክስ መጽሔት በዝርዝር ተብራርቷል፤ መዳቀሉ የተፈጸመውም ሰው እርሻ ከመጀመሩ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ነው።

ጅብራን በተመለከተ ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 የዘረመል መረጃን ከአየር ንብረት ትንበያ ጋር አጣምረው፣ ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ እስከ 2080 ድረስ ተክሉ የሚኖርበት ቦታ አብዛኛው እንደሚጠፋና የዘረመል ሀብቱም በእጅጉ እንደሚመናመን ተንብየዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሙቀት ወደ ላይ ሲያሳድደው ከቱሉ ዲምቱ በላይ የሚሄድበት ተራራ የለውም፤ ከስሜን ተራሮች ዘር ቢመጣ ደግሞ በዘረመል የሚለይ ሌላ ሕዝብ እንጂ የባሌው አይደለም። በግጦሽ የሚረገጠውና ለግጦሽ ሲባል የሚቃጠለው አስታም፣ ተክሉ ራሱ ከግንዱ እንደገና ማቆጥቆጥ ቢችልም፣ ቃጠሎው ከመጠን ሲያልፍ በውስጡ የሚጠለሉትን ትናንሽ ዕፅዋት ያጠፋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መስፈሩ ዓለም ቦታውን ማወቁን ያሳያል፤ ይሁን እንጂ መዝገብ ብቻውን የማንንም ዘር አያድንም።

የሚቀረው ሥራ ብዙ ነው። እስከ ዛሬ የባሌ ዕፅዋት ዲኤንኤ በአብዛኛው የተነበበው በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች ነው። ኢትዮጵያ የዘረመል ሀብት ከአገር የሚወጣበትንና የማኅበረሰብ እውቀት የሚጠበቅበትን ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የደነገገች ሲሆን፣ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም ይህን ያስፈጽማል፤ ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ በስምንት ቅጽ የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍም የእያንዳንዱን ተክል ስም ሰጥቷል፤ ስም ያለውን ማንበብ ደግሞ ከዜሮ መጀመር አይደለም። በመዳፍ የሚያዙ የዲኤንኤ ማንበቢያ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ለተመራማሪ እጅ ስለቀረቡ፣ ናሙናን ባሕር ማሻገር ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። በሮቤ የሚገኘው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲና በሲናና የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ወደ ሳነቴ ለመድረስ የሰዓታት መንገድ ብቻ ይጠይቃቸዋል። ከጊኒር፣ ከጎባና ከሮቤ ትምህርት ቤቶች የሚወጡ ተማሪዎች የቤታቸውን ተራራ ዕፅዋት ዘረመል በራሳቸው እጅ የሚያነቡበት ቤተ ሙከራ በባሌ ይቋቋም፤ ከእያንዳንዱ ከፍታ የተሰበሰበ ቅጠልና ዘርም የጅብራው ሕዝብ ሳይመናመን ከወዲሁ በብሔራዊ ሄርባሪየምና በዘር ባንክ ይቀመጥ።